የቀይ ጋራና የሰፌድ ሜዳ ውርርድ

ባለፈው ጥር ሰርግ ተጠርቼ ሄድኩ። አንድ ባለ ከዘራ ሰውዬ ተነሣና የሙሽራዋን አባት ድህነት የሚያስተባብል መስሎት ያቺን የእኛን አገር ተረት ተረተ። ሰው አጨበጨበለት። እኔ ግን ብርሌዬን አስቀመጥኩ። ጠጋ ብዬ፣ “ወንድሜ፣ ይህች ተረት ከየት እንደመጣች ታውቃለህ?” ስለው፣ “ከአባቶች ነዋ!” ብሎኝ እርፍ። ከአባቶች! ሁሉም ነገር ከአባቶች ነው፤ ከየትኛው አባት እንደሆነ ንገረኝ እንጂ። ይህችኛዋ የመጣችው ከአፈር ነው። የምሬን ነው የምላችሁ፣ በእጅ ከሚታፈስ፣ በግ ከሚግጥበት አፈር። እኔ ይህን የማውቀው የአያቴ አባት ባሻ ድፋባቸው በዚያ ጉዳይ ላይ ዋስ ስለነበሩ ነው። ዋስነታቸውም ለተሸነፈው ወገን ነበር። ያሸነፈ ሰው እልልታውን ነው የሚያስታውሰው፤ ዝርዝሩን የሚያውቀው የተሸነፈው ነው። ስለዚህ አታቋርጡኝና ልንገራችሁ።

ከወንጭት ወንዝ ወዲህ፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ደጋ፣ ጓንጉልና አስታጥቄ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። የአባታቸውን ርስት ሳይካፈሉ አንድ ላይ ይዘው ኖሩ። ታላቁ ጓንጉል አራሽ ነው፤ ሐሜት ይቅርና በዚያ አገር እንደሱ ሞፈር የሚጨብጥ አልነበረም። በሚስቱ በኩል ያገኘው ሰፊ የእርሻ መሬትም ነበረው። ታናሹ አስታጥቄ ግን ነፍሱ ከበግ ጋር ነበረች። ሚስቱ ሽታዬም የበግ አገር ልጅ ናት። የመጣችው ከላይ፣ እህል ከማይበቅልበት የውርጭ አገር ነው። አንድ ዓመት አስታጥቄ ታመመና ሳይውል ሳያድር ሞተ። ለሽታዬ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆችና አሥራ ሁለት በግ ትቶላት ሄደ።

ተዝካሩ ከወጣ በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ጓንጉል፣ “ርስቱ ይከፈል” አለ። ርስቱ ሁለት ቦታ ነው፤ ሁለቱም ግጦሽ ናቸው። አንዱ ሰፌድ ሜዳ ይባላል። ከታች፣ ወንዙ ዳር የተነጠፈ ዋልካ ነው፤ ዋልካ ማለት ያ ጥቁር፣ እግር የሚይዘው ጭቃ አፈር። በሚያዝያ እንኳ ሣሩ አይደርቅም። ሌላው ቀይ ጋራ ይባላል። ዘቅዘቅ ያለ፣ ቀይ፣ ጠጠር የበዛበት ተረተር ነው። በዚያ በሚያዝያ ቀን ያየው ሰው የተላጨ ራስ ነው የሚለው።

ሽማግሌዎቹ ወሰኑ ላይ ተሰበሰቡ። ዳኛው አለቃ ዘወልዴ ነበሩ፤ የደብሩ አለቃ፣ ቀልድ የሚወዱ ነገር ግን ፍርድ የማያጣምሙ ሽማግሌ። የአገሩ ደንብ ዕጣ መጣል ነው። ጓንጉል ግን፣ “ታላቅ ሳለሁ እኔ በዕጣ ልደር? መጀመሪያ እኔ ልምረጥ” አለ።

አለቃ ወደ ሽታዬ ዞሩ። “ምን ትያለሽ ልጄ?”

“ታላቄ ናቸው፤ ይምረጡ” አለች።

ጓንጉል ደግሞ ዝም ብሎ የሚመርጥ ሰው አይደለም፤ እንዲህስ አትበሉት። የአገሩ አራሾች መሬት የሚፈትኑበት ዘዴ አላቸው። ጉልበት ድረስ ጉድጓድ ይቆፍሩና አንድ እንስራ ውሃ ያፈሱበታል። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ውሃው እስከዚያ ከቆየ መሬቱ “ይዟል” ይባላል፤ ካልቆየ “አፍሷል” ይባላል። ለስንዴና ለባቄላ ይህ ፈተና ዋሽቶ አያውቅም። ጓንጉልም የሚያውቀው መሬት ሁሉ የሚታረስ ነውና ለሠላሳ በጎቹ ግጦሽ ሊመርጥ እንስራውን አሸክሞ መጣ።

ሰፌድ ላይ ቆፈሩ፤ ውሃው ተገለበጠ። አለቃ ሦስቱንም ደግመው ጨረሱ፣ ውሃው ግን ሰማዩን እያሳየ እዚያው ተኝቷል። ቀይ ጋራ ላይ ወጡና ቆፈሩ። አለቃ “አቡነ ዘበሰማያት” ብለው ገና እስትንፋስ ሳይወስዱ መሬቱ ውሃውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

ጓንጉል ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ይኼ መሬት ነው ወንፊት? ኧረ ተውኝ! የወንድሜ ልጆች አሳዘኑኝ እንጂ እኔስ ሰፌድን ወስጃለሁ።”

ሽታዬ ጉድጓዱ ዳር ተንበርክካ ከተቆፈረው አፈር አፈሰች። ቀይ ነው፤ በጣቶቿ መካከል ይፈረፈራል እንጂ አይጣበቅም። ከጠጠሩ ጋር የሣር ሥር ተቀላቅሏል፤ ቀጭን፣ ነጭ ሥር። እጇን ጉድጓዱ ውስጥ ብትሰድ ሥሩ እስከ ክርኗ ድረስ ወርዷል። ከላይ ሣር የለም፤ ከታች ግን ሣሩ አልሞተም። የአያቴ አባት አጠገቧ ቆመው ነበርና፣ “አፈር ስታፍስ ለባሏ የምታለቅስ መስሎኝ አንጀቴን በላችው” ይሉ ነበር። እሷ እኮ የምታለቅስ አልነበረችም፣ እያነበበች ነበር!

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ተረትም ባልኖረ። ጓንጉል ግን አፉ አላርፍ አለው።

“አንድ ቃል አለኝ” አለ። “ነገ ከነገ ወዲያ በጎቿ ሲርባቸው ደጄ መጥታ እንዳታለቅስ። ወሰኑን የእሷም በግ አይሻገር፣ የኔም አይሻገር። እስከ መስቀል እንይ። የመስቀል ዕለት ተቆጥሮ በጎቿ ከአሥራ ሁለት ከጎደሉ፣ ጋራውን ለኔ ትልቀቅ። ልጆቹን እኔ አሳድጋለሁ፤ እሷ ወደ አባቷ አገር ትሂድ።”

ትንሿ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች።

“ያንተስ ቢጎድሉ?” አሉ አለቃ።

“የኔ? ሠላሳ በግ? በዚህ ሣር ላይ?”

“ቢጎድሉስ ነው ያልኩህ፣ ጓንጉል።”

“ቢጎድሉማ ሰፌድን ከነሣሩ ትውሰደው!”

“ሁለታችሁም ብታጎድሉ ደግሞ ሁለቱም መሬት ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል፤ ልጆቹም አንተ ዘንድ ያድጋሉ። ግልገል ቢሆን በእግሩ እስከቆመ ድረስ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሽታዬ፣ ትስማሚያለሽ? አስገዳጅ የለብሽም፤ እምቢ ማለት ትችያለሽ።”

ሽታዬ ልጆቿን አየች። ከዚያ እጇ ላይ የቀረውን ቀይ አፈር አየች። “እስማማለሁ፤ ግን ዋስ ይጥሩ” አለች።

ጓንጉል የአያቴን አባት ጠራ። እሳቸውም ለመቀለድ ያህል እንኳ ሳያመነቱ፣ “ዋስ ነኝ!” አሉ። በዚያች ሰዓት የጓንጉል ዋስ መሆን ምንም የማያሰጋ ነገር ነበራ!

ግንቦት ለሽታዬ ክፉ ሆነ። ጋራው ላይ የሚጋጥ የለም። በጎቿ የጎድን አጥንታቸው ተቆጠረ። እሷ ከቋጥኝ ሥር የበቀለውን በማጭድ እየለቀመች፣ የአጥሯን ቅጠል እየመለመለች አበላች። ከታች የጓንጉል በጎች ሆዳቸው ተነፍቶ ይታያሉ። ሰኔ ሲገባ አንዷ አሮጊት በግ ሞተች። አሥራ አንድ ቀሩ። ሽታዬ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ልጆቿን አቅፋ ስታለቅስ ዋለች።

የአያቴ አባት መንገድ ሲያልፉ አገኟት። “አንቺ ልጅ፣ አሁንም አልረፈደም። ሄደሽ አያ ጓንጉልን ለምኚ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አፉ ነው እንጂ።”

“ባሻ፣ ዝናቡ ይምጣ” አለች።

“ዝናቡማ ለሱም ይመጣል!”

“ለሳቸውም ይምጣ እንጂ!” ብላ ዓይኗን ጠረገች። ባሻ ከቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባቸውም ነበር።

ዝናቡ መጣ። እንዴት ያለ ዝናብ መሰላችሁ! ሐምሌን በሙሉ ሰማዩ አልተዘጋም። ቀይ ጋራ ግን ጠጣ። የወረደለትን ሁሉ ጠጣ። የተረፈውን በጠጠሩ መሐል አሳልፎ ወደ ታች ላከው፤ ወዴት እንደላከው ታውቃላችሁ። ዝናቡ ባባራ በሰዓቱ ጋራው ላይ ነጠላ አንጥፎ መቀመጥ ይቻል ነበር። ያ እስከ ክርን የወረደ ሥር ነቃና በሳምንቱ ጋራው አረንጓዴ ለበሰ። ሣሩ አጭር ነው፣ እንደ ሰፌድ ሣር አይንዠረገግም፤ ግን ያገር ሰው “ጨው ያለበት ሣር” የሚለው ዓይነት ነው። በግ አንድ ጊዜ ከቀመሰው አንገቱን ቀና አያደርግም። አሥራ አንዱ በጎች ፀጉራቸው አበጠ፣ ጀርባቸው ሞላ፣ መዝለል ጀመሩ። ሽታዬ ጋራው ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር እየፈተለች ለራሷ ትስቅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ያልሳቀች ሴት!

ሰፌድ ደግሞ ያንን የተመሰገነበትን ሥራ ሠራ። ውሃውን ያዘ፤ እንዲያውም አልለቅም አለ። ከላይ ሣሩ እስከ ጉልበት ነው፣ ከሥሩ ግን ውሃና ጭቃ። የጓንጉል በጎች ቀን ከቀን፣ አዳር ከአዳር እግራቸው ደርቆ አያውቅም። ሰኮናቸው ረጠበ፣ ላላ፣ ሸተተ። ከዚያ ማነከስ መጣ። በነሐሴ ግማሽ የሚሆኑት በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ይግጡ ጀመር። አንዳንዶቹ አገጫቸው ሥር ውሃ ቋጠረ፣ ሆዳቸው ሄደ። የሚወለዱት ግልገሎች ጭቃ ላይ ይወድቁና ሳይነሱ ብርዱ ይገድላቸዋል። ሳሩን እየበሉ ሞቱ እንጂ ጠኔ አልገደላቸውም።

አንድ ቀን ጓንጉል በጎቹን እየነዳ ወሰኑ ድረስ ወጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አንዷ እናት በግ የፊት እግሮቿን ቀይ ጋራ ላይ አሳረፈች፤ ደረቅ መሬት ሲያገኛት እዚያው ቆማ ቀረች። ሽታዬ ይህን አይታ እንዝርቷን ጥላ ወረደች።

“አያ ጓንጉል፣ ያስገቧቸው” አለች። “አለቃን ዛሬውኑ እናስጠራና ውሉን በስምምነት እናፍርሰው። እኔ ጋራዬንና ልጆቼን ልያዝ፣ እርስዎ በጎችዎን ያድኑ።”

ጓንጉል ጠጠሩን አየ። የአያቴ አባት አብረውት ነበሩና፣ “እባክህ እሺ በል” ብለው በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። የዋስ ነገር ሆኖባቸው ነው፤ እኔ አልደብቅም።

“ጓንጉል በሴት ምሕረት በጉን አዳነ ይባል?” አለ።

“አይባልም። ዘመዳሞች ተረዳዱ ይባላል” አለች ሽታዬ።

“እኔ ቃሌን አላጥፍም!” አለና በጊቱን ከወሰኑ ጎትቶ መለሳት። ሽታዬ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለሱ አይደለም፣ ለበጎቹ ነው። ምን አጠፉ? እልኸኛ ጌታ እጅ ነው የወደቁት።

መስቀል ደረሰ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሲነጋ አባራ። አገሩ ሁሉ አደይ አበባውን ጭንቅላቱ ላይ ሰክቶ ለቆጠራው መጣ። መጀመሪያ ሰፌድ ወረዱ። አለቃ ዘወልዴ ጫማቸውን ጭቃው በልቶባቸው ባንድ እግራቸው ዳር ላይ ቀሩ። ጓንጉል ቆጠረ፤ አሥራ ሰባት። ደግሞ ቆጠረ፤ አሥራ ሰባት። ሦስተኛ ሊጀምር ሲል አለቃ፣ “ይበቃል ልጄ፣ በመቁጠር አይበዙም” አሉት።

ከዚያ ወደ ቀይ ጋራ ወጡ። በጎቹ ፀጉራቸው በፀሐዩ ያበራል፣ የሰባው ሰብቷል፣ የኮራው ኮርቷል። ሰው ሁሉ በአድናቆት አጉረመረመ። አለቃ ግን በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። “ስምንት… ዘጠኝ… አሥር።” ቆሙ።

“ጎደለ!” አለ ጓንጉል። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ግን እኔ ከገባሁበት እሷም ትግባ የሚል ነው። “ጎደለ! ሁለታችንም አጉድለናል!”

ሽታዬ ፊቷ ዐመድ መሰለ። “ይቆዩኝ” ብላ ወደ ቋጥኙ ሮጠች። ሁሉም ተከተሏት። ከቋጥኙ ጀርባ አሥራ አንደኛዋ በግ ገና አሁን ወልዳለች። ግልገሉ እርጥብ ነው፤ ጆሮው ተጣብቆ፣ አራቱም እግሩ በየአቅጣጫው ተዘርግቶ መሬት ላይ ተኝቷል።

“ይኼ መች ቆመ?” አለ ጓንጉል። “ቃላችን በእግሩ የቆመ ነው!”

“ልክ ነህ” አሉ አለቃ። “ግን ቀኑም ገና አልመሸም። እንጠብቃለን።” ጋቢያቸውን አነጠፉና መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ሽማግሌዎቹም ተከትለው ተቀመጡ። ሌሊቱን ሲዘንብበት ባደረ መሬት ላይ! ከተቀመጡ በኋላ ነው ነገሩ የታወቃቸው፤ እርስ በርሳቸው ተያዩና መሬቱን በእጃቸው መዳበስ ጀመሩ።

እናቲቱ ትልሳለች። ግልገሉ የኋላ እግሩን አነሣ፣ ወደቀ። ትልቋ ልጅ ልትደግፈው እጇን ስትዘረጋ አለቃ፣ “አትንኪው ልጄ! ራሱ ይነሣ” አሏት። እንደገና ሞከረ፣ በአፍንጫው ተደፋ። ሽታዬ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጭና ትንፋሿ ቆሟል። ሦስተኛውን ሲሞክር የአያቴ አባት ራሳቸውን አጥተው፣ “አይዞህ! በርታ! ተነሣ እንጂ!” ብለው ጮኹ።

ጓንጉል ዞሮ አፈጠጠባቸው። “ባሻ! የማን ዋስ ነዎት?”

“ያንተ ነኝ! ብሆንስ ዓይን የለኝም?”

ይህን ሲባባሉ ግልገሉ የፊት ሰኮናውን ጠጠሩ ላይ ተከለ። መሬቱ አልከዳውም፤ አላንሸራተተውም፣ አልዋጠውም። የኋላውን አነሣ። ተወዛወዘ። ቆመ! ራሱን አራገፈና በአራት እርምጃ የእናቱ ጡት ሥር ገባ።

“አሥራ ሁለት!” አሉ አለቃ ዘወልዴ።

እልልታው ጋራውን ናጠው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ወንዶቹ በዱላ መሬቱን መቱ። ሽታዬ መሐል ገብታ፣ “ዘራፍ! ዘራፍ የአስታጥቄ ሚስት! የውርጭ አገር ልጅ! ልጆቼን ማን ነክቶ!” እያለች ፎከረች። ሴት ስትፎክር አይተው የማያውቁ ሽማግሌዎች ቆመው አጨበጨቡላት። ከዚያ ልጆቿን ሁለቱንም አንሥታ ደረቷ ላይ ለጥፋ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። የሷን የደስታ ቀን የአያቴ አባት ሲያወሩ፣ የተሸነፉት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር።

ጓንጉልም በመጨረሻ ሰው ሆነ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ከፊቷ ቆመ። ሽታዬ ፈጥና አወረደችለት።

“አያ ጓንጉል፣ ሰፌድ የኔ ሆኗል፤ ግን ክፉ መሬት አይደለም” አለች። “ለበግ አልተፈጠረም እንጂ ለእህል ተፈጥሯል። ቦይ ያውጡለትና ውሃውን ያፍስሱት፤ ከዚያ ባቄላና ስንዴ ይዝሩበት። እንደ እርስዎ ያለ አራሽ የት አገኛለሁ? ለእኩል ይረሱልኝ፤ ምርቱን እንካፈላለን። የቀሩትን በጎች ደግሞ ዛሬውኑ ወደዚህ ያውጧቸው፤ እግራቸው ይድረቅላቸው።”

ጓንጉል አሥራ ሰባቱን በጎች እያነከሱ ሲያወጣ፣ ደረቁ መሬት ላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ እፎይ ብለው ሲተኙ ቆሞ አያቸው። “አለቃ፣ እኔ እኮ አርባ ዓመት መሬት የገፋሁ ሰው ነኝ። እንዴት ነው ይህን ያላየሁት?” አለ።

አለቃ ዘወልዴም ጋቢያቸውን እያራገፉ ተነሡና ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉት፦ “እንግዲህ ጓንጉል፣ ለምለም አይተህ አትሳቅ፣ ጠጠር አይተህ አትናቅ።”